እናቴ ፍሬን የበጠሰች ጊዜ

እናቴ ፍሬን የበጠሰችው እኔ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። በጠሰች ያሉት እትዬ ፈለቀች ናቸው። አጥራችን አንድ ስለነበር ከኛ ግቢ የሚወጣ ድምፅ ከኛ ጆሮ ቀድሞ ለሳቸው ይደርሳል። ደግ ሴት ነበሩ፤ ምላሳቸው ግን ዕረፍት አያውቅም። የዚያን ቀን ጠዋት በአጥሩ ሽንቁር ቢያጮልቁ እናቴ መኪና ሥር ተጋድማ እግሯ ብቻ ይታያል። ዞር ብለው ጓዳ ላለችው ልጃቸው «ነይ እይ እንጂ፣ ሐምዲያ ጭራሽ ፍሬን በጥሳለች» አሏት። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ቆሜ ሰማሁ።

ለሸዋ ሮቢት ልጅ ፍሬን የዋዛ ነገር አይደለም። ከደብረ ሲና ቁልቁል የሚወርድ የጭነት መኪና ሁሉ እኛ ከተማ ሲደርስ ጎማው ሥር ጭስ ጭስ ይላል። ገና ሳይቆም ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ከጎማው ሥር ድንጋይ ይወሽቃል፤ ታኮ ይሉታል። ያንን የሚከረፋ የግለት ሽታ እወደው ነበር። መኪኖቹ ከድንቹና ከገብሱ ጋር ከደጋ ጭነውት የሚመጡ፣ የደብረ ሲና አየር ሽታ ይመስለኝ ነበር። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ መሆኑን ያወቅሁት አድጌ ነው።

አባቴ ሰዲቅ ከነዚያ ሹፌሮች አንዱ ነበር። የሮቢትን ሽንኩርት ሽቅብ ያወጣል፣ የደጋውን እህል ቁልቁል ያወርዳል። የኔ አባት ሲወርድ ግን ጎማው አይጨስም ነበር። «ሰዲቅ መኪና አይነዳም፣ ያግባባል እንጂ» ይሉታል ጓደኞቹ። ታዲያ አንድ ቀን፣ ከአርማንያ በላይ ካሉት ጠመዝማዛዎች አንዱ ላይ፣ ያ የተግባባው መኪና ፍሬኑ እምቢ አለው። አባቴ ገደሉን ትቶ ከተራራው ጋር አላተመው። የሰው ነፍስ አልጠፋም። የረዳቱ የናትናኤል እግር ግን ተሰበረ፤ ከዳነም በኋላ እያነከሰ ቀረ። ጠያቂው ሁሉ በር ላይ ጫማውን እያወለቀ «ሰዲቅ ፍሬን በጠሰበት አሉ፣ እንኳን አላህ አተረፈው» ይል ነበር። እኔ ቃሉን የተማርኩት ከነሱ አፍ ነው። ፍሬን የበጠሰ ከተራራ ጋር ይላተማል፤ ሌላ ትርጉም አልነበረውም።

አባቴ ከዚያ ወዲህ መሪ አልያዘም። በረንዳው ላይ የጠፍር አልጋ አወጣ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ተኛ። ወደ መስጊድ እንኳ የሚሄደው አስፋልቱን ላለማየት በሽንኩርት ማሳው በኩል ዞሮ ነው። ከዳገቱ የሚወርድ መኪና ሞተሩን ሲያጓራ የጀመረውን ወሬ አቋርጦ ዝም ይላል፤ ድምፁ ካለፈ በኋላም ወሬውን አይቀጥልም። እናቴን ምን ሆኖ ነው ብዬ ጠየቅኋት። «እያረፈ ነው» አለችኝ። አመንኳት። ያን ያህል ዳገት የወጣ ሰው ያን ያህል ቢያርፍ ሲያንሰው ነው ብዬ፣ እንዳልቀሰቅሰው ጫማዬን በእጄ ይዤ በበረንዳው አልፍ ነበር። የሚያርፍ ሰው እንደዚያ ግድግዳ አያይም። ይህንን ለማወቅ ግን ሰው ራሱ አንድ ጊዜ መፍራት አለበት።

የራሳችን መኪና ግቢያችን ውስጥ፣ ሮቃው ዛፍ ሥር ቆማ ነበር። አሮጌ ነጭ ዲኤክስ ናት። አባቴ ከአደጋው በፊት በዕረፍቱ ቀን እኛን የሚያንሸራሽርባት ነበረች። አሁን የሮቃው ፍሬ ጣሪያዋ ላይ ይረግፋል፣ ዶሮዎቻችን ሥሯ ይተኛሉ። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ወርዶባት ጎማዋ ውስጥ ያለው ብረት ሁሉ ዝጎ ቡናማ ሆነ።

አንድ ማታ ላይ የአባቴ ወንድም፣ አጎቴ ያሕያ፣ መጣ። እኔ በሩ ሥር ሆኜ ማሾ እለቅማለሁ።

«መኪናዋ እዚህ ዝጋ ከምትቀር ትሸጥ። ከመውሊድ በኋላ ሰው አመጣለሁ» አለ።

«ሽጧት» አለ አባቴ ከአልጋው ላይ፣ ሳይዞር።

እናቴ አጎቴን እስከ አጥሩ በር ሸኘችው። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ያሕያ፣ መኪናዋ ከዚህ ግቢ ከወጣች ወንድምህም አብሯት እንደወጣ ቁጠረው። ከዚያ በኋላ አይነሣልኝም» አለችው። አጎቴ አንገቱን ደፍቶ፣ ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ሰውየው መምጣቱ አይቀርም አለ። እኔ ደግሞ የሰማሁት አባቴ ከመኪናዋ ጋር አብሮ ሊሸጥ መሆኑን ነው። የኋላው ወንበር ላይ እንደተኛ ሲወስዱት በዓይኔ ታየኝ፤ ትራሱን ማን ያቀብለው ይሆን ብዬም ተጨነቅሁ። እናቴ ያለችውን ሳላዛባ የገባኝ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ ያኔ የፈራሁት ነገርና እሷ የፈራችው ነገር ግን ብዙም አይራራቁም።

በማግስቱ እናቴ ቀሚሷን ወደ ላይ ሰብስባ፣ ከሥሩ የአባቴን ሱሪ ለብሳ ብቅ አለች። ክሪኩን ከመኪናዋ ኋላ አወጣች፣ የፊት ጎማውን አነሣች፣ ቡሎኖቹን ፈታች። ጎማው ሲወጣ ከውስጥ ሳህን የሚያህል ጠፍጣፋ ክብ ብረት ብቅ አለ፤ ዲስኩ ነው። ዝገቱ በጣት ሲነኩት ይረግፋል። ዲስኩን ከሁለት ወገን ይዞ የሚነክሰው ካሊፐር የሚሉት ብረትም ጭቃ ለብሷል። እናቴ ካሊፐሩን ለመፍታት እጇን ወደ አባቴ የመፍቻ ሳጥን ሰደደች፤ ሳታይ አሥራ አራት ቁጥር ቁልፍ አወጣች፤ ልክክ አለ። አላህ ሲረዳ እንዲህ ነው ብዬ ገረመኝ። እናቴ ስለ መኪና የምታውቀው የፊት ወንበር ላይ መቀመጥን ብቻ ነው ብዬ አምን ነበርና።

እትዬ ፈለቀች ያን የፍሬን ነገር የተናገሩት ይሄኔ ነው። ለልጃቸው ነግረው ሲያበቁ ለራሷ ለእናቴም በአጥሩ ላይ አሰሙ።

«አንቺ ሐምዲያ፣ ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው ነው። ጋራዥ ሞልቶ የለም እንዴ? ምን አንፏቀቀሽ?»

«ልክ ነዎት እትዬ። እኔም ሠሪው እስኪነሣ ነው» አለች እናቴ፣ ከመኪናው ሥር።

ሠሪው ተኝቶ የሚውልበት ጋራዥ የት ነው ብዬ አሰብኩ። እናቴ ግን ቃሉን ጮክ ብላ ነበር ያለችው፤ እስከ በረንዳው ይሰማል።

እኔ በበኩሌ ሥራ ነበረኝ። እናቴ ፍሬን ከበጠሰች መኪናዋ ተንከባላ ከሮቃው ጋር መላተሟ ነው። ስለዚህ መሬት ላይ በቀሩት ጎማዎች ሥር፣ ከፊትም ከኋላም፣ የቻልኩትን ድንጋይ እየጎተትኩ ታኮ አደረግሁ። እናቴ አየችኝ፤ ለጨዋታ መስሏት ተወችኝ። ግቢያችን እንደ መዳፍ የተስተካከለ ሜዳ ነው፤ ይህን ማን ይነግረኛል።

ቀጥሎ ያለውን ሥራ አብረን ሠራን። እናቴ የሽቦ ብሩሽ ይዛ ዲስኩን ፈተገች። ዝገቱ በአየር ላይ ቦነነ፣ ቅንድቧ ቡናማ ሆነ። ከዚያ ሎሚ ለሁለት እየቆረጥኩ ጨው ነስንሼ አቀብላታለሁ፤ እሷ ዲስኩ ላይ ታሸዋለች። ጭማቂው ዝገቱን ይዞ እንደ ደም ይንጠባጠባል። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰችው፣ በሳሙና አጠበችው፣ ወዲያው በጨርቅ አደረቀችው፤ ውሃ ከቆየበት ነገ ይዝጋል አለችኝ። ከሥር የወጣው ብረት ፊቴን አሳየኝ። እንዲህ ያለ ነገር ከዝገት ሥር ተኝቶ መክረሙ ገረመኝ፤ አሁንም ይገርመኛል።

ሁሉንም እንዲህ ስታደርግ አባቴ በረንዳው ላይ ነው። ፊቱ ግድግዳው ላይ ነው። እናቴ ግን ያለ ምክንያት የመፍቻ ሳጥኑን ታንኳኳለች፣ ቁልፍ ሲሚንቶ ላይ ትጥላለች፣ ለኔ የምትናገረውን ለሩቅ ሰው እንደምትናገር ትጮሃለች። ሙቀቱ ነው ያደነቆራት ብዬ ነበር። የብርጭቆ ወረቀቱን አንድ ጊዜ በተቃራኒው ስትይዘው አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላ ጊዜ ቡሎን ሳታጠብቅ ስትተወው አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። እናቴ አልሰማችም፤ ወይም አልሰማችም ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ የአጥራችን በር ከተቀባበት የተረፈውን ቀይ ቀለም አወጣች።

«ለምን ቀይ?» አልኳት።

«እንዲታይ።»

«ለማን?»

«ለሚያይ ሰው» አለች።

እጇ ላይ ለዒድ የተቀባችው ሒና ገና አልለቀቀም ነበር። መኪናዋን እንደ ሙሽራ ልትድራት ነው አልኩ፤ ሽያጩን ደግሞ ከሠርጉ ጋር አገናኘሁት። ከዛገው ብረት ሁሉ ቀይ የሚሆነው ያ የሚነክሰው ብረት ብቻ መሆኑ፣ ጎማው ከተገጠመ በኋላ በቸርኬው ቀዳዳ ከበረንዳው የሚታየው እሱ ብቻ መሆኑ፣ ያኔ አልታየኝም።

እናቴ ካሊፐሩን ገና መቀባት አልጀመረችም። ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነክራ አወጣችና ወደ ዲስኩ ወሰደችው። ያንን ሎሚ ስናሸው የዋልነውን፣ ፊቴን ያሳየኝን ዲስክ። ብሩሹን ከፊቱ አድርሳ ያዘችው። ቀለሙ በብሩሹ ጫፍ ተጠራቀመ፣ ጠብ አለ፤ መሬት ላይ ነው ጠብ ያለው። ሌላም ጠብ አለ። እናቴ ብሩሹን ወደ ዲስኩ ገፋ አደረገችው።

«እሱን አትቀቢው።»

የአባቴ ድምፅ ነበር። ያን ያህል ጮክ ብሎ ሲናገር ከሰማሁት ቆይቼ ነበር። ዞር ስል በረንዳው ጫፍ ላይ ቆሟል፣ ባዶ እግሩን።

«ምኑን?» አለች እናቴ፣ ሳትዞር።

«ዲስኩን ነዋ። ሸራው የሚነክሰው እሱን ነው። ቀለም ከነካው ያንሸራትታል። ሰው ልትጨርሺ ነው?»

«እኔ ምን ዐውቄ?» አለች። «ታዲያ የቱን ልቀባ?»

አባቴ ደረጃውን ወረደ። ጠጠሩ ባዶ እግሩን እየወጋው መጣና አጠገቧ ቁጢጥ አለ። ብሩሹን ከእጇ ወሰደ፣ አሸተተው፣ ፊቱን አጨማደደ። «ይሄ የበር ቀለም ነው። መጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ይላጣል። ሙቀት የሚችል ነው የሚፈለገው» አለ። ዲስኩን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ለረጅም ጊዜ ዳበሰው። ከዚያ «ይህስ ጥሩ ጸድቷል» አለ። እናቴ ወደ ሮቃው ዞራ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። ዝገት ዓይኗ ውስጥ ገብቶባት ነው ብዬ ውሃ ላመጣላት ሮጥኩ።

ሙቀት የሚችለውን ቀለም ያመጣው ናትናኤል ነው። እናቴ ልካበት ከደብረ ብርሃን ገዝቶ መጣ። አጥሩን ከፍቶ እያነከሰ ሲገባ አባቴ እጁ ላይ የነበረው ቁልፍ ወደቀበት። ከአደጋው ወዲህ ናትናኤል ሊጠይቀው በመጣ ቁጥር ተኝቷል ይባልለት ነበር። ናትናኤል ግን ሰላምታውን አጭር አድርጎ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ የተሰበረ እግሩን ዘረጋ፣ ቆርቆሮውን ከፈተ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይቅቡ፣ እኔ ልያዝልዎ» አለ።

«እግርህ እንዴት ነው?» አለ አባቴ፣ ቀለሙን እያየ።

«ያው እግር ነው። ወደ ገደሉ ቢሉ ኖሮ እግርም አንገትም አይኖረኝም ነበር። ይህን ልነግርዎ ስመላለስ ነው የከረምኩት፤ እርስዎ ግን ሁልጊዜ ተኝተዋል።»

ከዚያ ወደ ሥራው ገቡ። ሸራው የሚነካውን ቦታ ሁሉ በፕላስተርና በላስቲክ ሸፈኑት፤ የቀረውን ስስ አድርገው ቀቡ፣ አደረቁ፣ ደግመው ቀቡ። አባቴ ብሩሹን ሲይዝ ምላሱ በከንፈሩ ጥግ ብቅ ይል ነበር፤ እኔም ስጽፍ እንደዚያ ነኝ። ቀሪውን ጎማ ሁሉ፣ የፍሬኑን ዘይት ሳይቀር፣ ራሱ ፈተሸ። እናቴ ቁልፍ ከማቀበል በቀር ምንም አልነካችም። የሚፈልገውን ሳይጠራው ነበር የምታቀብለው።

መውሊድ ሲቃረብ አንድ ጁምዓ፣ ከሶላት መልስ፣ አባቴ የመኪናዋን ቁልፍ ከምስማሩ አወረደ። ናትናኤል ከፊት፣ እናቴና እኔ ከኋላ ተቀመጥን። እትዬ ፈለቀች አጥሩ ላይ ናቸው። አባቴ «ቢስሚላህ» ብሎ አስነሣት፤ ማርሽ አስገባ፤ ነዳጅ ሰጠ። መኪናዋ ጮኸች እንጂ ንቅንቅ አላለችም። ደግሞ ሰጠ። እንደገና ጮኸች።

አባቴ ሞተሩን አጠፋ። በመስታወቱ ውስጥ ፊቱ ሲነጣ አየሁ። «ይዟል» አለ በቀስታ። «ፍሬኑ ይዟል። አልሆነልኝም፣ ሐምዲያ።» እጁን ከመሪው አንሥቶ የበሩን እጀታ ያዘ። ያን በር ከፍቶ ቢወርድ ተመልሶ እንደማይገባ እኔ እንኳ ገብቶኝ ነበር።

ናትናኤል ቀድሞት ወረደ። ጎንበስ ብሎ ከጎማዎቹ ሥር አየ፤ እዚያው ቁጭ ብሎ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «ጋሼ፣ ታኮ ነው። አራቱም ጎማ ላይ ታኮ አለ። ይህን የመሰለ ረዳት ከየት አገኙ?»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። እኔም እያለቀስኩ ተናገርኩ፤ እማ ፍሬን በጥሳለች፣ እትዬ ፈለቀች ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ፍሬን የበጠሰ ደግሞ ይላተማል፣ እንዳንላተም ጎማው በተገጠመ ቁጥር ታኮውን የመለስኩት እኔ ነኝ። እትዬ ፈለቀች ከአጥሩ ላይ ጠፉ። አባቴ እናቴን አያት፤ ሱሪውን እንደለበሰች፣ ጥፍሯ ሥር ዝገት እንዳለ። ሳቁ ከሆዱ ተነሥቶ መጣ። በረንዳው ላይ ከወጣ ወዲህ አልሳቀም ነበር፤ እንባውን እስኪጠርግ ሳቀ። «እውነቷን ነው» አለ። «በጥሰሻል፣ አንቺ ሴት።»

ናትናኤል ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ወረወረ። እንደ ድሮው መኪናዋን በመዳፉ መታ አድርጎ፣ «ታኮው ተነሥቷል ጋሼ። ይሂዱ» አለ።

ሽቅቡን ወጣን። አባቴ አርማንያን አልፎ፣ ያ አደጋ የደረሰበት ቦታ ሲደርስ አዞረና ቁልቁል አቆመ። ወርዶ በቸርኬው ቀዳዳ ወደ ውስጥ አየ። ቀዩ ይታያል። መልሶ ገባ፣ በሁለተኛ ማርሽ ለቀቃት። ጠመዝማዛው በመጣ ቁጥር ፍሬኑን ነካ ያደርጋል፣ መኪናዋ እሺ ትላለች። እናቴ መንገዱን ሁሉ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ሥራ ደክሟት ተኝታለች ብዬ ሻርፗን አለበስኳት። ከንፈሯ ለምን እንደሚንቀሳቀስ አልጠየቅሁም። ሮቢት ስንደርስ መስኮቱን ከፍቼ ያንን የምወደውን ሽታ ፈለግሁ፤ ምንም አልሸተተኝም። መኪናዋ አንዳች ነገር ጎደላት ብዬ አዘንኩ።

አጎቴ ያመጣው ገዢ ሲመጣ መኪናዋ ቤት አልነበረችም፤ አባቴ ማሾ ጭኖባት ሄዷል።

ለዓመታት ታሪኩን የማወራው እንዲህ ነበር፤ እናቴ ሳታውቅ መኪናዋን ልታበላሽ ስትል አባቴ ደርሶ አዳነን እያልኩ። ሰው ይስቃል፣ እናቴም አብራ ትስቃለች። ባለፈው መውሊድ ግን የራሴን መኪና ይዤ ሮቢት ወረድኩ። አባቴ አርጅቷል፤ እዚያው የጠፍር አልጋ ላይ ነው፣ አሁን ግን የእውነቱን ያርፋል፣ ፊቱም ወደ ግቢው ነው። ሮቃው ሥር ጎማዬን ፈትቼ ዲስኩን ስፈትግ እናቴ ሎሚ ትቆርጥልኛለች። አሥራ አራት ቁጥር ቁልፍ ስፈልግ፣ ወሬዋን ሳታቋርጥ፣ ሳታይ አውጥታ ሰጠችኝ።

እጄ ቆመ። «ይህን ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«አባቴ ነዋ። ሰንበቴ ከተማ ጋራዥ ነበረው። ሳላገባ ስንቱን ፍሬን ፈትቻለሁ» አለች፣ ሎሚዋን እየቆረጠች። «አባትሽም ያውቃል። ያን ሰሞን ግን ማወቄን ረስቶት ነበር፤ የራሱንም ረስቶ የለ።»

«ዲስክ እንደማይቀባ ታውቂ ነበር ማለት ነው።»

«የጋራዥ ልጅ ዲስክ ትቀባለች?»

ብሩሹ ላይ የተጠራቀመው ቀለም፣ መሬት ላይ ጠብ ጠብ ያለው፣ ዓይኔ ላይ መጣ። ስንቴ አውርቼዋለሁ፤ እጇ ለምን እንደቆመ ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁም። «ባይመጣስ ኖሮ?» አልኳት።

«እቀባው ነበራ» አለች። «ቀብቼ በብርጭቆ ወረቀት አነሣዋለሁ። በማግስቱ ደግሞ ልቀባ እወጣለሁ። እስኪመጣ ድረስ።»

አባቴ ከበረንዳው «ምንድነው የምትንሾካሾኩት? ምኑን ነው የምትቀቡት?» አለ።

እናቴ ሎሚዋን አስቀመጠች። ወደኔ አየች፣ ድምጿንም ከፍ አደረገች።

«ዲስኩን» አለችው።

አልጋው ተንቋቋ፤ ነጠላ ጫማውን ሲፈልግ ሰማን።